ሊዝበን ወይስ ታሊን? መወሰን አቃተን

ሰላም ወገኖች፣ የምሠራው በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት ነው። በርቀት ለሚሠሩ በሚሰጠው ቪዛ ከባለቤቴና ከስድስት ዓመት ልጃችን ጋር ልንወጣ ነው። የፖርቹጋሏ ሊዝበንና የኢስቶኒያዋ ታሊን ላይ ግን ተንጠልጥለን ቀረን። ታሊን አብዛኛው የመንግሥት ጉዳይ በኢንተርኔት ያልቃል፤ ክረምታቸው ሲጠና ግን ፀሐይ የምትታየው በቀን ለስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ደመና ሲበዛ እንኳ ይከፋኛል። ሊዝበን ብርሃን ሞልቷል፣ ኪራዩ ያስደነግጣል እንጂ። በዓመት ከ183 ቀን በላይ ከቆየን ግብሩን እዚያው እንደምንከፍል አውቃለሁ፤ እሱን ተቀብዬዋለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ የልጁ ትምህርት ነው። የኢስቶኒያው ቪዛ በመሠረቱ የአንድ ዓመት ነው፤ ቋንቋውን ገና ሲለምድ ልንለቅ? ልጅ ይዛችሁ የሄዳችሁ፣ ከተማ ስትመርጡ መጀመሪያ ያያችሁት ምኑን ነበር?