ከኤሌክትሪክ መኪና የወረደ ባትሪ፦ ቁራሌውም አልወስድም አለኝ

ባለ ጋራዡ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ትንሽ የመኪና ኤሌክትሪክ ጋራዥ አለኝ። አንድ ደንበኛዬ ለመኪናው ሌላ ባትሪ አስገባና አሮጌውን እኔ ጋ ትቶት ሄደ። ስምንት ሰው ሆነን ነው ያወረድነው። ቁራሌው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየው። «እርሳስ የለውማ» ብሎኝ ሄደ። ተራ የመኪና ባትሪ ቢሆን ከእጄ ነጥቆ ነበር የሚወስደው።

በዚህ ላይ ህዳር ሲታጠን የሰፈር ልጆች የሞባይል ባትሪ ከቆሻሻው ጋር እሳት ውስጥ ጨመሩ። ጧ! ብሎ ሲፈነዳ ሁሉም ተበተነ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ «ያንን ጉድ ከግቢዬ አውጣልኝ» እያለች ነው። ፈትቼ ለሶላር ባደርገው ያዋጣል? ላዩ ላይ ኤልኤፍፒ (ሊቲየም ብረት ፎስፌት) ይላል።

ጣና ዳር፦
ጀልባ ተከራይና ጣና መሃል ጣለው፣ ሃሃሃ።

ባለ ሶላሩ፦
እምቦጭ አነሰንና ነው? ውስጡ ያለው ፈሳሽ፣ ውሃ ሲያገኘው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የሚባል መርዝ ይፈጥራል። በቀልድም አትበሉት።

ወደ ጠያቂው ስመለስ፣ እኔ ዘጌ አክስቴ ቤት ሠርቼዋለሁ፣ ያዋጣል። ለመኪና ደከመ የሚባል ባትሪ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያ አቅሙ 70 ወይም 80 በመቶውን ይዞ ነው የሚወርደው። ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ይተርፋል። ግን ሙሉው ባትሪ 300 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። የጋራዥ ሰው 12 ቮልት ለምዶ ይደፍራል፤ ይሄ ይገድላል። ሰዓትህንና ቀለበትህን አውልቅ፣ ለከፍተኛ ቮልት የተሠራ ጓንት አድርግ፣ ከሁሉ በፊት የማቋረጫ መሰኪያውን ንቀል። ብቻህን አትሥራ።

ከዚያ እያንዳንዱን ሴል (ትልቁ ባትሪ የተሠራባቸውን ትንንሽ ባትሪዎች) በቴስተር ለካ። ያንተ ዓይነቱ 3.2 ቮልት አካባቢ ነው የሚያሳየው። ከ2.5 በታች የወረደውን አደራ ቻርጅ አታድርግ፤ ውስጡ ሾርት ሠርቶ ሊቀጣጠል ይችላል። ያበጠውንም ተወው። 16 ጥሩ ሴል በተርታ ስትቀጥል 51.2 ቮልት ይሆናል፣ ለ48 ቮልት ኢንቨርተር ልክ ነው። ቢኤምኤስ (የሴሎቹን ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ሰርኪት) ሳታስገባ ግን እንዳትሞክረው። እኔ ስስት ይዞኝ ሦስት ደካማ ሴል ከጥሩዎቹ ጋር ቀላቀልኩ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራቱ ድርግም! አክስቴ «ኩራዜ ይሻለኝ ነበር» ያለችኝን አልረሳውም።

ባለ ጋራዡ፦
የሞቱትስ?

ባለ ሶላሩ፦
ጣጣው እሱ ጋ ነው። የሞተ ባትሪ መልሰው የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ፈጭተው ጥቁር ዱቄት ያደርጉትና በአሲድ አሟሟተው ሊቲየም፣ ኒኬልና ኮባልት ያወጣሉ። ኤልኤፍፒ ግን ኒኬልም ኮባልትም ስለሌለው ገዢ ብዙም አይጓጓለትም። ጭነህ ድንበር ላሻግረው ብትልም ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር መዘዋወሩን የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ናት፣ አደገኛ ቆሻሻ ያለ ፈቃድ አይወጣም። እስከዚያው ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍን፣ ደረቅ አሸዋ ያለው በርሜል ውስጥ ቅበራቸው፣ የክረምት ዝናብ የማያገኘው ቦታ አስቀምጥ።

ባለ ጋራዡ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እስካሁን ከፈታሁት 24 ሴል 19ኙ ደህና ነው። አምስቱ አሸዋ ውስጥ ናቸው። እናቴ ግን አሁንም በዚያ በኩል አታልፍም።