1:72 ኤፍ-5ኢ በብሩሽ ብቻ፦ ጀማሪ ከየት ይጀምር? (ጅማ)

ጅማ_ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የ1:72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ) ኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄት ሞዴል መገጣጠሚያ ከውጭ መጥቶልኛል። ሙጫና ቀለም ግን አብሮት የለም፤ ተቀጣጣይ ፈሳሽ በአየር ፖስታ ስለማይላክ ላኪው አስቀርቶታል። እዚህ ጅማ የሞዴል ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አላገኘሁም። የሚገኘው የጽሕፈት መሣሪያ ቤት አክሪሊክ ቀለም፣ የመኪና ስቱኮ፣ ቲነር፣ የአናጢ ኮላና ሱፐር ግሉ ነው። ኮምፕረሰርም ኤርብራሽም (ቀለም በአየር የሚረጨው መሣሪያ) የለኝም፣ ልገዛም አላሰብኩም።

ከእነዚህ የትኛው ለፕላስቲኩ ይስማማዋል፣ የትኛው ያበላሸዋል? በብሩሽ ሲቀባ መስመር እንዳይቀር ምን ይደረጋል? ክረምቱ ገብቷል፤ በዚህ እርጥበት መሥራት ይቻላል ወይስ ጥቅምትን ልጠብቅ? ሲያልቅ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ምልክት እንዲኖረው እፈልጋለሁ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን የአሜሪካ ነው።

ስፕሩ_ቆራጭ

ወንድሜ፣ እኔ ስለ ሙጫውና ስለ ገጠማው ልበልህ፤ ቀለሙን የሚያውቁት ይቀጥሉበታል።

ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ነው። የታሚያ ወይም የሬቬል የሞዴል ሙጫ ሁለቱን ጠርዝ በስሱ አቅልጦ አንድ አካል ያደርጋቸዋል። እሱ እስኪገኝ ሱፐር ግሉ ይሠራልሃል፣ ጠባዩን ግን እወቅ። የሚጠነክረው በአየሩ እርጥበት ስለሆነ በጅማ ክረምት ቶሎ ይይዛል፤ አንዴ ከያዘ ማስተካከል የለም። ከቱቦው በቀጥታ አታንጠባጥብ። አንድ ጠብታ ክዳን ላይ አድርግና በስቴኪኒ ጫፍ እየነካህ ቀባ። ስፌቱን፣ ማለትም ሁለቱ ክፍሎች የተጋጠሙበትን መስመር፣ የምትሞርደው በዚያው ቀን ይሁን። ካደረ ከፕላስቲኩ በላይ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ ብርጭቆ ወረቀቱ ሙጫውን ትቶ ግራና ቀኙን ይበላዋል። የተከፈተውን ቱቦ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጠው፤ አለዚያ እዚያው ደርቆ ይቀራል።

ቲነር፣ ቤንዚንና አሴቶን ወደ ሞዴሉ አይጠጉ። ፕላስቲኩን ያቀልጡታል፣ የላይኛውን ቅርጽም ያጠፉታል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ብዙ ጊዜ አሴቶን ነው። ስለማንኛውም ፈሳሽ ከተጠራጠርክ ክፍሎቹ በተያያዙበት ፍሬም፣ ስፕሩ በሚባለው፣ ላይ ጠብታ አኑርና ለአንድ ሰዓት ተመልከተው። ያ ፍሬም ለሙከራ የተሰጠህ ነው፣ አትጣለው።

ክፍሎቹን ከነፍሬማቸው ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠብ፤ ከሻጋታው የቀረ ቅባት ካለ ቀለም አይዝም። ስትለያቸው ጠምዝዘህ አትንቀል፣ ከክፍሉ ላይ ሥጋ ይዞ ይወጣና ጉድጓድ ይተዋል። በጥፍር መቁረጫ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አስተርፈህ ቁረጥ፣ ትርፉን በምላጭ ላጥ፣ ከዚያ የመኪና ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የውሃ ብርጭቆ ወረቀት በ400፣ በ600፣ በ1000 ቁጥር በቅደም ተከተል አልስልሰው።

በኤፍ-5 ላይ የሚረሳው ክብደት ነው። አፍንጫው ባዶ ከሆነ ሞዴሉ በጅራቱ ይቀመጣል፣ ሁለቱ የአካል ግማሾች ከተጣበቁ በኋላ ደግሞ ማስገቢያ አይኖርም። ጎሚስታ ቤት ጎማ ባላንስ የሚደረግበት የእርሳስ ቁራጭ ታገኛለህ። ስንት እንደሚበቃ እንዲህ እወቅ፦ አካሉን፣ ክንፉንና ጅራቱን በማስኪንግ ቴፕ ብቻ ያዛቸው፤ ዋናዎቹ ጎማዎች የሚተከሉበትን ቦታ ከሥር በስክሪብቶ ደግፍ፤ አፍንጫው ላይ ክብደት እየጨመርክ በግልጽ ወደ ፊት ሲያዘነብል አቁም፣ ለቀለሙና ለኋላ ዕቃዎች ትንሽ አክልበት። እርሳሱን በኤፖክሲ ወይም በሱፐር ግሉ እንጂ በኮላ አታጣብቀው። የኮላው አሲድ ከእርሳሱ ጋር ሲገናኝ ነጭ ዱቄት እየፈጠረ ያብጣል፤ ውሎ አድሮ አፍንጫውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እርሳስ ከነካህ እጅህን ታጠብ።

ኮላ ከሁሉም የሚበልጥበት ቦታ የኮክፒቱ፣ የአብራሪው ክፍል፣ መስታወት ነው። የሱፐር ግሉ ተን መስታወቱን በነጭ ጉም ይሸፍነዋል። ኮላ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ የፈሰሰውም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል።

የክንፍ ሥር ክፍተት ካለ ሁለት ውሁድ ያለው የመኪና ስቱኮ ይሆናል፤ ሽንብራ የምታህል በጥቡጥ፣ በስሱ ሙላ፣ ሲጠነክር ሞርድ። የጎማ እግሮች፣ ሚሳይሎቹና አፍንጫው ጫፍ ላይ ያለው ቀጭን ዘንግ ቀለሙ ካለቀ በኋላ ይገጠሙ። ዘንጉ ቀድሞ ከተተከለ እጅህ ላይ ይሰበራል።

ብሩሽ72

መስመር የሚመጣው ከወፍራም ቀለምና ከችኮላ ነው። ይህ ጄት በ1:72 ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የክንፉ ስፋት 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በብሩሽ በደንብ የሚሸፈን መጠን ነው።

ጥቅምትን አትጠብቅ። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ በእርጥብ አየር ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የብሩሹ ፈር ራሱን ለመደልደል ጊዜ ያገኛል፤ በደረቅ አየር ግን ጫፉ ወዲያው ይይዝና ድንበር ይሠራል። የሚከፈለው ዋጋ በሁለት ቅብ መካከል ያለው ቆይታ መርዘሙ ነው። በበጋ ግማሽ ሰዓት የሚበቃው ዝናብ በሚውልበት ቀን ሁለት ሰዓት ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ በሰዓት አትመራ፤ አንድ የስፕሩ ቁራጭ ከሞዴሉ ጋር እኩል ቀባና እሱን በጣትህ እየነካህ ፈትን። ሞዴሉን አትንካ።

ሥረ-ቅብ ግድ ነው። አክሪሊክ ባዶ ፕላስቲክ ላይ ውሃው እንደ ጤዛ ይሰበሰባል፣ በኋላም በጥፍር ይላጣል። ግራጫ የመኪና ስፕሬይ ፕራይመር ይሆናል፤ መጀመሪያ ስፕሩ ላይ ሞክረው፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀህ እንደ ጉም ሁለት ጊዜ ብቻ ንፋ። አርጥቦ እስኪፈስ ከነፋኸው ፕላስቲኩን ይበላዋል። ለብረት በር የሚቀባውን አንቲረስት ተወው፤ ውፍረቱ የፓነሎቹን መስመር ይደፍናል። የቤት ዘይት ቀለምም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ቅቡ። 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ለስላሳ ጠፍጣፋ ብሩሽ ለሰፊው ቦታ፣ ቁጥር 2 ክብ ለጥጋጥጉ፣ ቁጥር 0 ለዝርዝሩ ይበቃል። የቱቦ አክሪሊክ ሁለት እጅ ከሆነ ውሃው አንድ እጅ፤ ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ መጠኑን እኩል ያደርግልሃል። ወተት ሲመስል ደርሷል። ውሃው ከዚህ በጣም ካለፈ የቀለሙ ዱቄት ከማያያዣው ይለያይና ጠርዝ ጠርዙን ይጠራቀማል። የብሩሹን ጫፍ ሲሶውን ብቻ ነክረህ ሶፍት ላይ አንዴ አስነካው። ከደረቀው በኩል ጀምረህ ወደ እርጥቡ ጎትት፣ አንድ ቦታ ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ አትመለስ።

የመጀመሪያው ቅብ ያስጠላል። ግራጫው በሥሩ ይታያል፣ ዥንጉርጉር ነው። ተወው። እዚህ ላይ “ላስተካክል” ብሎ በግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ መመለስ ነው ሥራውን የሚያበላሸው፤ ከላይ ቆዳ ያበጀው ከሥሩ ገና እርጥብ ስለሆነ ብሩሹ ይቀደዋል። ከተቀደደ እንዲያድር ተወው፣ በ1000 ቁጥር በውሃ በስሱ ሞርደህ ያን ቦታ ብቻ እንደገና ቀባ። ሁለተኛው ቅብ ከመጀመሪያው ጋር መስቀለኛ ይሂድ፣ ሦስተኛው ይሸፍናል። የመጨረሻው፣ ሦስተኛም ሆነ አራተኛ፣ ከአፍንጫ ወደ ጅራት፣ አየሩ በሚፈስበት አቅጣጫ ይሁን። ፈር ቢቀር እንኳ ዓይን በዚያ አቅጣጫ ያለውን ፈር አያየውም።

ካሙፍላጅ (ለመሸሸጊያ የሚቀባ ዥንጉርጉር ቀለም) ከሆነ ፈዛዛው ቀለም ቀድሞ ሁሉንም ይሸፍን፣ ጥቁሩ ከላዩ ይምጣ። የቀላቀልከውን ቀለም በአንዴ በቂ አድርገህ አዘጋጅና ክዳን ባለው ብልቃጥ አስቀምጥ፤ ለአንድ ቀለም 5 ሚሊ ሊትር ለዚህ ሞዴል ይተርፋል። በሌላ ቀን እንደገና ብትቀላቅል ያንኑ መልክ አታገኘውም።

የሞዴል ቀለም የማስመጣት ዕድል ካለህ ለብሩሽ የቫሌሆ ሞዴል ከለር ይመረጣል። የታሚያ አክሪሊክ ለኤርብራሽ ግሩም ነው፣ በብሩሽ ግን ውስጡ ያለው አልኮል የሥረኛውን ቅብ መልሶ ያነሳዋል።

ለመለማመጃ ሌላ ሞዴል መግዛት አያስፈልግህም። ሳጥኑ ውስጥ በክንፍ ሥር የሚንጠለጠል የነዳጅ ታንክ ይኖራል፤ እሱን ቀድመህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥራው። ሁለት ግማሽ አለው፣ ስፌት አለው፣ ክብ ስለሆነ ብሩሹ ፈር ቢተው ወዲያው ያሳይሃል፤ ቢበላሽም ጄቱ ያለ እሱ ይቆማል። ታንኩ ላይ ስፌቱ ጠፍቶ ቀለሙ ወጥ ከሆነልህ ወደ ክንፉ እለፍ።

ጅማ_ጀማሪ

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅሞኛል። ቢጫና ቀዩ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤቱ ቀለም ውስጥ ወረቀት ላይ እንኳ አልሸፍን አለኝ፤ ለምልክቱ ምን ላድርግ? የመጨረሻውን ቫርኒሽ ደግሞ የመኪና ስፕሬይ ብጠቀም ይሆናል?

ሐረር_ሜዳ

ልጄ፣ ምልክቱን እኔ ልንገርህ። ግን አስቀድመህ ፎቶ ፈልግ። ኢትዮጵያ በአውሮፓውያን 1966 የተረከበችው ኤፍ-5ኤ ነው፤ ኤፍ-5ኢ የመጣው በ1970ዎቹ ነው፣ በኦጋዴን ጦርነትም ተዋግቷል። ያንተ ሳጥን ኢ ስለሆነ የኤን ፎቶ ይዘህ እንዳትሠራ። ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበትን የፊት ማዕዘን እይ፤ በኢ ላይ ሰፋ ያለ ሦስት ማዕዘን ነው። የምልክቱንም የካሙፍላጁንም መልክ ከአንድ አውሮፕላን፣ ከአንድ ዘመን ውሰድ። ከተለያየ ፎቶ ቆራርጠህ ብትቀጥል በእውነት ያልነበረ አውሮፕላን ይወጣሃል፤ እነዚያ ሰዎች የበረሩበትን በትክክል ማሳየት ይገባል።

ልኩን በ72 እያካፈልክ አውጣ፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሞዴሉ ላይ 8.3 ሚሊ ሜትር ነው። ማስኪንግ ቴፕ መስታወት ላይ ለጥፈህ ክቡን በአዲስ ምላጭ ቁረጥ። ለውስጠኛው ትንሽ ክብ የቢሮ ወረቀት መብሻ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ንጹሕ ቀዳዳ ያወጣልሃል። ቴፑን ከመለጠፍህ በፊት እጅህ ላይ አንዴ አጣብቀህ አንሳው፣ ኃይሉ ይቀንስና የሥሩን ቀለም ይዞ አይነሳም።

ቢጫና ቀይ የማይሸፍኑት ዱቄታቸው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነው። በአረንጓዴ ካሙፍላጅ ላይ በቀጥታ ከቀባህ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ቀዩ ይጠቁራል። ክቡን በሙሉ መጀመሪያ ነጭ ሁለት ጊዜ ቀባ፣ ከዚያ ከሰፊው ክብ ወደ ጠባቡ ሂድ። የቴፑን ጠርዝ በመጀመሪያ ከሥሩ ባለው በራሱ ቀለም አስነካው፤ ሾልኮ የሚገባው እሱ ይሆናል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ነጭ ጥርት ብሎ ይቆማል። ቴፑ የሚነሳው ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ነው።

ከሳጥኑ ዲካሎች (በውሃ ተነክረው የሚለጠፉ ምልክቶች) ውስጥ ጥቃቅኖቹን የማስጠንቀቂያ ጽሑፎች ተጠቀምባቸው፣ በእጅ አይጻፉም። ዲካል ደብዛዛ ቀለም ላይ ከተለጠፈ አየር ከሥሩ ይቀርና ብር ይመስላል። ስለዚህ የሚለጠፍበትን ቦታ አስቀድመህ በሚያብረቀርቅ አክሪሊክ ቫርኒሽ ቀባው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ንከረው፣ አውጥተህ አንድ ደቂቃ አቆየው፣ ከወረቀቱ ሲንሸራተት ወደ ሞዴሉ አሻግረው። የሞዴል ዲካል ማለስለሻ ከሌለህ ነጭ አቼቶ በእኩል ውሃ አቅጥነህ ከሥሩ በብሩሽ ቀባ፤ በመጠኑ ያለሰልሰዋል። ከጫንከው በኋላ በጥጥ ከመሃል ወደ ጠርዝ ተጫነው።

ብሩሽ72

ጋሼ ምልክቱን ጨርሰውታል። ቫርኒሹን በተመለከተ፣ ዝናብ ባለበት ቀን የመኪና ስፕሬይ አትንፋ። ፈሳሹ ሲተን ሞዴሉን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ይጤዛል፣ ቫርኒሹም ነጭ ጉም ሆኖ ይደርቃል። ዲካሉ ላይም ብርቱ ነው፤ በአንዴ ከበዛ ያኮማትረዋል። በውሃ የሚቀጥን ደብዛዛ አክሪሊክ ቫርኒሽ በሰፊው ብሩሽ ቀባ፣ ሁለት ስስ ቅብ፣ ዲካሉ ከደረቀ ከአንድ ቀን በኋላ። ጠርሙሱን አትነቅንቀው፣ አረፋው ሞዴሉ ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። በስቴኪኒ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብለህ አማስለው፣ ደብዛዛ የሚያደርገው ዱቄት ታች የሚዘቅጥ ነውና። የኮክፒቱ መስታወት ቀለም እንዳይነካው ከቅቡ በፊት የምትለጥፍበት ማስኪንግ ቴፕ የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ዙሪያውን ምላጭ በስሱ አስኪድበት፣ ከዚያ ከማዕዘኑ ጀምረህ ወደ ኋላ አጥፈህ ሳበው።