የላስቲክ ወተት ላይ የካርቦን ቁጥር ይታተም?

የዕለቱ ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ሰብስበው የሚያሽጉ ድርጅቶች የወተቱን፣ የእርጎውን፣ የቅቤውንና የአይቡን የካርቦን አሻራ (ምርቱ እስኪዘጋጅ ድረስ የሚወጣውን ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ መጠን) ለየብቻ ለክተው ማሸጊያው ላይ ያትሙ?

ከለገጣፎ፦ ይታተም። አረንጓዴ ቅጠል ስሎ «ተፈጥሯዊ» ማለት ቀላል ነው። ቁጥር ሲጻፍ ግን ጥያቄ ያስነሳል። መለኪያውም አለ፤ አይኤስኦ 14067 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣው ለዚሁ ነው።

ከገላን፦ እኔ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። መብራታችን ከግድብ ይመጣል። ናፍጣ የምናቃጥለው መብራት ሲጠፋ ለጄኔሬተር ነው። ለዚች ብሎ ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት ምን ይባላል?

ከሱሉልታ፦ ወንድሜ፣ ትልቁ ነገር ያለው እናንተ ጋ ሳይሆን ላሟ ሆድ ውስጥ ነው። ስታመሰኳ የምታገሳው ሚቴን የሚባል ጋዝ በእኩል ክብደት፣ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። እኔን የሚያሳስበኝ አከፋፈሉ ነው። በረቴ ውስጥ አንዲት የሀበሻ ላምና አንዲት ዲቃላ አሉ። የሀበሻዋ በቀን 2 ሊትር ብትሰጥ ነው፤ ዲቃላዋ 12 ትሰጣለች። በሊትር ከተሰላ የሀበሻዋ ጥፋተኛ ትሆናለች። ግን ኩበቷ እንጀራ ይጋገርበታል። ወይፈኗ አድጎ ያርሳል። ያንን ሁሉ ወተቷ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው።

ከለገጣፎ፦ ጋሼ፣ እውነት ነው። ደንቡም ለተጓዳኝ ምርቶች ማካፈል ይፈቅዳል። ግን አንዱን ከሌላው ለመለየት ቁጥር ያስፈልገናል። 1 ኪሎ ቅቤ ወደ 20 ሊትር ወተት ይፈልጋል። ከእርጎው ጋር እኩል አይታይም።

ከሰንዳፋ፦ የእንግሊዙ የመደብሮች ድርጅት ቴስኮ እኮ እ.ኤ.አ. በ2007 ምርቶቹ ላይ ሁሉ ቁጥር እለጥፋለሁ ብሎ ነበር። በ2012 ተወው። አንዱን ዕቃ መለካት ወራት ፈጀበት፤ ሌሎቹም መደብሮች አልተከተሉትም። ያ ሀብታም ድርጅት ያልቻለውን እዚህ በግዴታ ብናወጣው፣ ወጪው የሊትር ዋጋ ላይ ያርፋል። የልጅ ወተት ነው የሚወደደው። ይለካ፣ ግን ለገበሬው ምክር ይሁን።

ከሱሉልታ፦ በዚህ እስማማለሁ። ፉርሽካና ፋጉሎ ስጨምርላት የሀበሻዋ ወተት ከፍ ይላል፤ የሊትሩ ሚቴንም ይወርዳል። ድርቆሽ ብቻ በበላችበት ወር ግን ወተቷ ይቀንሳል። ስለዚህ ለኪው አንድ ቀን ብቻ መጥቶ አይሂድ። ክረምትም በጋም ይምጣ፤ ኩበቱንም ይመዝን። እንዲህ ከተለካ ላስቲኩ ላይ ቢታተምም አልቃወምም።