ለጋራ ግዢው ኢንቨርተር ስንት ኪሎዋት ይሁን? (የቱሉ ዲምቱ ማኅበር ቤቶች የዕቅድ ውይይት)

ቤት 7 (ጸሐፊ)፣ ሰኞ ማታ 2:10
ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶች። እሁድ በተነጋገርነው መሠረት የሶላሩን የጋራ ግዢ ዕቅድ እዚሁ እየጻፍን እናስተካክለው። ከ23 ቤት 16ታችሁ እንገባለን ብላችኋል። ፓኔሉ ላይ ተስማምተናል፤ በየቤቱ ባለ 550 ዋት 4 ፍሬ። ባትሪውም 48 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም። ያልተቋጨው ኢንቨርተሩ ነው፤ የባትሪውንና የፓኔሉን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ። የኔ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ለሁሉም ቤት ባለ 3 ኪሎዋት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።» አንድ ዓይነት ያልኩት ዋጋ ለመከራከርም፣ ሲበላሽ ለመዋዋስም ስለሚመች ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ዋጋ ልንጠይቅ መርካቶ ስለምንወርድ፣ ሐሳብ ያለው እስከዚያ ይጻፍ።

ቤት 11፣ ሰኞ ማታ 2:25
3 ምን ይሠራል? 10 ይሁንና እንገላገል። ገንዘቡ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ቤት 19፣ ሰኞ ማታ 3:02
በሙያዬ ኤሌክትሪሻን ስለሆንኩ ትንሽ ላብራራ። ትልቅ ኢንቨርተር ሥራ ፈትቶ ቆሞም ይበላል። ባለ 5 ኪሎዋቱ ምንም ሳይሰካበት 50 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ24 ሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ባትሪያችን ሙሉው 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 10 ብናደርገው ከዚያም ይብሳል፣ ማታ ማታ ባትሪውን የሚጨርሰው ራሱ ኢንቨርተሩ ይሆናል። ጋሼ ቤት 11፣ ይቅርታ አድርጉልኝና 10 ለኛ ሰፈር ብክነት ነው።

3 ይበቃል አይበቃም የሚለውን ግን በግምት አንወስን። አንድ ቤት በአንዴ የሚያበራውን እንደምር፦ 10 አምፖል በ9 ዋት 90፣ ቴሌቪዥን 100፣ ፍሪጅ 150፣ ዋይፋይና ቻርጀር አንድ ላይ 100። ተደምሮ 450 እንኳን አይሞላም። ለዚህ 1 ኪሎዋትም ይተርፋል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባትሪ የሚመረጠው ስንት ሰዓት ያቆያል ተብሎ ነው፤ ኢንቨርተር ግን ሁሉም በተገጣጠመባት በዚያች ቅጽበት ይችላል ወይ ተብሎ ነው። የኛን ቤት ቅጽበት የሚያከብደው አምፖል አይደለም፤ የውሃ ፓምፑ ነው። ሞተር ሲነሳ ሲሠራ ከሚወስደው አምስት እጥፍ ያህል ይስባል።

ቤት 4፣ ሰኞ ማታ 3:40
የተቃጠለ ሰው ልናገር። አምና «3000 ዋት» የሚል በትልቁ የተጻፈበት ባለ 12 ቮልት ኢንቨርተር ገዛሁ። የገዛሁበትን ሱቅ አልጠራም። ቴሌቪዥኑን ያበራል፣ ፍሪጁ ግን እየጮኸ አይነሳም። ከባትሪው የሚመጣውን ገመድ ብነካው እንደ ጀበና ፈጀኝ። በሳምንቱ ሸተተ፣ ከዚያ ጭስ። ሲፈታ ውስጡ የ3000 ዋት ዕቃ አልነበረም።

ቤት 19፣ ሰኞ ማታ 3:58
ሦስት ነገር ተደራርቦብህ ነው ወንድሜ። አንደኛ፣ ያ ቁጥር ለአፍታ ብቻ የሚችለው ጉልበት ነው እንጂ ሙሉ ቀን የሚሠራበት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሞገዱ የተስተካከለ አልነበረም፤ ፍሪጅና ፓምፕ ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ) ካልሆነ ይጮሃሉ፣ ይግላሉ። ሦስተኛው ቮልቱ ነው። 3000 ዋት በ12 ቮልት 250 አምፒር ይሆናል፣ ያንን የሚሸከም ገመድ የጣት ውፍረት አለው። በ48 ቮልት ግን 63 አምፒር ብቻ። ባትሪው 48 ይሁን ብዬ እሁድ የተከራከርኩት ለዚህ ነው።

ቤት 22፣ ማክሰኞ ጠዋት 1:15
ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። ይሄ ሁሉ ቁጥር ጥሩ ነው፤ እንጀራ ይጋግራል ወይስ አይጋግርም? አብሲት ጥዬ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ሲግል መብራቱ ድርግም ይላል። ለኔ ሶላር ማለት ይሄን ካልፈታ የአምፖል ጌጥ ነው።

ቤት 11፣ ማክሰኞ ጠዋት 1:30
እትዬ እውነታቸውን ነው! ለዚህ ነው 10 ያልኩት።

ቤት 19፣ ማክሰኞ ቀን 6:20
እትዬ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ይሸከመዋል፣ ባትሪው ግን አይችልም። ሁለት ሰዓት ሲጋገር፣ በመሀል እየጠፋ እየበራም ቢሆን፣ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠጣል፤ ባትሪው ሙሉ ቢሆን እንኳ ለማታ መብራት ምንም አይተርፍም። እንዲያውም ምጣዱ በኢንቨርተሩ መስመር ላይ እንዲሆን አልመክርም። መብራት እያለ የቤቱ ኤሌክትሪክ በኢንቨርተሩ በኩል አልፎ ነው የሚሄድ። እየጋገሩ መብራት ሲሄድ ምጣዱም ፍሪጁም ፓምፑም ባንዴ ባትሪው ላይ ይወድቃሉ። ያኔ ሁሉም ይጠፋል። ምጣድ፣ ስቶቭና የሻወር ማሞቂያ ከቆጣሪው በቀጥታ በራሳቸው ብሬከር ይሁኑ።

ቤት 22፣ ማክሰኞ ቀን 7:05
እሺ፣ የማገዶውን ምጣድ አልጥለውም ማለት ነው። እንጀራ ሲያልቅባችሁ ግን ልጅ እንዳትልኩብኝ።

ቤት 15፣ ማክሰኞ ማታ 1:50
ውጭ ያለው ወንድሜ ባትሪ የማያስፈልገው ኢንቨርተር ልላክልህ ብሎኛል፣ ከመስመሩ ጋር ተገናኝቶ የሚሠራ። በጣም ይረክሳል። ለምን ሁላችንም ያንን አንገዛም?

ቤት 19፣ ማክሰኞ ማታ 2:15
ያ ዕቃ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ ብልሽት ሆኖ አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው። መስመር የሚጠግነውን ሰው እንዳይገድል ነው እንደዚያ የተሠራው። ፀሐይ ፍንትው ብላ ጨለማ ትቀመጣለህ። የኛ ችግር የመብራት መጥፋት ስለሆነ ከባትሪም፣ ከፓኔልም፣ ከመስመርም የሚሠራው ሃይብሪድ ነው የሚያዋጣን።

ቤት 9፣ ማክሰኞ ማታ 2:40
የኛ የመጨረሻው መስመር ላይ ማታ 1 ሰዓት ላይ ስለካ 165 ቮልት ነው። ሃይብሪዱ ይሄን «መብራት» ብሎ ይቀበለዋል?

ቤት 19፣ ማክሰኞ ማታ 2:55
ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ ሁለት አቀማመጥ አላቸው። «ዩፒኤስ» ላይ ከተደረገ ከ170 በታች ሲሆን መብራት የለም ብሎ ወደ ባትሪ ይሄዳል። ስለዚህ እናንተ ጋ መብራት እያለ ባትሪው ያልቃል ማለት ነው። «አፕላያንስ» ላይ ሲደረግ ግን እስከ 90 ቮልት ይቀበላል። ዝቅ ያለው ቮልት ለፍሪጁ ጥሩ ባይሆንም፣ ቢያንስ ባትሪው በከንቱ አያልቅም። ማታ ማታ ፍሪጁን በቮልት ማረጋጊያ (ስታቢላይዘር) አድርጉት።

ጸሐፊያችን፣ ሌላም ነገር በዕቅዱ ይግባ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ሲሳሳ ኢንቨርተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም፤ በአንዳንዶቹ መመሪያ ከ1,000 ሜትር በላይ ለየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ቀንሱ ይላል። 5 የተባለው እኛ ጋ ከ4.5 እንደሚያንስ ይቆጠር።

ቤት 9፣ ረቡዕ ማታ 3:20
ዛሬ ከኤሌክትሪሻናችን ጋር የኔን ፓምፕ በክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ አምፒር በሚለካው) ለካነው። 1 ፈረስ ጉልበት ነው። ሲሠራ 5.2 አምፒር፣ ሲነሳ 24 አምፒር። በ220 ቮልት ሲባዛ ሲነሳ 5,280 ይመጣል። ፓምፑን ካስነሳሁ ትንሽ ቆይቶ ፍሪጁም ጠቅ ብሎ ተነሳ፤ መርፌው እንደገና ዘለለ። 3 ኪሎዋቱ የአፍታ ጉልበቱ 6 ኪሎዋት ቢሆን እንኳ፣ ለከፍታችን ሲቀነስበት ሁለቱ ከተገጣጠሙ አይበቃም። ፓምፑን ቀን ቀን በፀሐይ ላስነሳ አልኩ፤ ውሃው ሌሊት ሲመጣ የታችኛው ሮቶ በራሱ ስለሚሞላ ወደ ጣሪያው መግፋት ቀን ይቻላል። ይሄ ግን ባትሪ ያተርፋል እንጂ አነሳሱን አያቀለውም።

ቤት 4፣ ረቡዕ ማታ 3:45
የኔ ፓምፕ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ናት። እኔን በ5 ዋጋ አታስከፍሉኝ።

ቤት 7 (ጸሐፊ)፣ ሐሙስ ማታ 2:30
በሰማሁት መሠረት ረቂቁን እንዲህ ቀየርኩት፦

«ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ላለው ቤት ባለ 5 ኪሎዋት፣ ፓምፕ ለሌለው ወይም ግማሽ ፈረስ ጉልበት ላለው ባለ 3 ኪሎዋት። ሁለቱም ሃይብሪድ፣ ፒዩር ሳይን ዌቭ፣ በ48 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ፤ ባለ 3ቱ በ48 ቮልት ካልተገኘ ሁሉም 5 ይገዛል፣ የባትሪ ዓይነት ግን አይለያይም። ምጣድ፣ ስቶቭና የውሃ ማሞቂያ በኢንቨርተሩ መስመር አይገቡም። ሻጩ የሥራ ኃይሉን በኬቪኤ ብቻ ሳይሆን በኪሎዋት ይጽፍልናል።»

የመጨረሻዋን ያስገባኋት 5 ኬቪኤ ሲባል አንዳንዱ 4 ኪሎዋት ብቻ ስለሚሆን ነው። የዋጋ ልዩነቱን ባለ 5 የሚወስደው ይሸፍናል። በአንዴ ለማይችል በእቁብ እናድርገው የሚለው ሐሳብ እሁድ ይታያል።

ቤት 19፣ ሐሙስ ማታ 2:50
ጥሩ ነው። አንድ መስመር ጨምርበት፦ «የፓኔል መግቢያ ቮልቱ ሳይታይ አይገዛም።» የአንድ ባለ 550 ፓኔል ክፍት ቮልት (ምንም ሳይሰካበት የሚያሳየው) 50 ገደማ ነው፤ ኅዳር ላይ በውርጭ ጠዋት ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። 3ቱን በተከታታይ ብናስር እስከ 158 ይደርሳል፤ አንዳንዱ ኢንቨርተር ግን ከ145 በላይ ሲገባበት ይቃጠላል፣ ዋስትናውም ይሰረዛል። እንዲህ ያለው ከደረሰን 2 በ2 እናስራለን። እስከ 500 የሚቀበል ከተገኘ 4ቱም በአንድ መስመር ይሄዳሉ፣ ገመድም ይቀንሳል። ምድር ሽቦ ደግሞ በየቤቱ አዲስ ይቀበር፤ ያየኋቸው አብዛኞቹ ዝገው ተበጥሰዋል።

ቤት 11፣ ሐሙስ ማታ 3:05
እሺ 5 ይሁን። ግን የኔን ፓምፕ ሳትለኩ እንዳትመድቡኝ።

ቤት 19፣ ሐሙስ ማታ 3:10
የማንንም ሳልለካ አልመድብም ጋሼ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ከቤት 22 እጀምርና በተራ እወርዳለሁ። ሮቶው ጎዶሎ ይሁን፣ ፓምፑ እንዲነሳልኝ። ቤት 11፣ ውሻውን እሰሩልኝ።