መዓሙል ጅማ ላይ ያዋጣል? ምን ይዤ ልግባ?

ከቤሩት፦

ሰላም እህቶቼ፣ ሰላም ወንድሞቼ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው፤ ኢንሻአላህ ጠቅልዬ ጅማ ልገባ ነው። ማዳም ቤት የዒዱን መዓሙል፣ ያን ተምር የሚሞላበትን የሰሞሊና ብስኩት፣ የምሠራው እኔው ነኝ፤ ለፋሲካ ደግሞ ክርስቲያን ጎረቤቶቿ ያስጠሩኛል። አገር ቤት ገብቼ ይህንኑ ብሠራስ እያልኩ ነው። ለካርጎ ዕቃ እየሰበሰብኩ ነው። የጋዝ ኦቨን ላስጭን? ሰሞሊናና ተምርስ? ገዢስ ይገኛል? ጅማ ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ከጅማ፦

የኔ እህት፣ በሰላም ያግባሽ። እኔም ወደቡ ከፈነዳ በኋላ ከተመለሱት ነኝ፤ እጄን የፈታሁትም እንዳንቺው ማዳም ቤት ነው።

ኦቨኑን እዚያው ሽጪው። ለካርጎና ለቀረጥ የምትከፍይው ብዙ ቅቤ ይገዛል፤ ሲሊንደር ማስሞላቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መብራት ካለ አነስ ያለች የኤሌክትሪክ ኦቨን ትበቃሻለች። ከጠፋ ደግሞ እንደ ድፎ ዳቦ ነው፤ ፍም ከታችም ከላይም። ወፍራም ድስት ውስጥ ትሪዋን ከፍ አድርገሽ ታስቀምጫለሽ፣ ፍሙን ክዳኑ ላይ ትበትኛለሽ። የታቹ ፍም ይቅለል፤ ከበዛ ላዩ ሳይበስል ሥሩ ያራል። መዓሙል ላዩ ነጣ ብሎ ሥሩ ብቻ ወርቅማ ሲሆን ነው የሚወጣው።

ሰሞሊና እዚህ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ለፓስታ የሚሆነውን ጠንካራ ስንዴ ወፍጮ ቤት ወስደሽ ዘርዘር አስደርገሽ አስፈጪ፤ ከቅንጬ የደቀቀ፣ ከፉርኖ ዱቄት የሻከረ ይሁን። ከዚያ በወንፊት ንፊው፤ የላመው ለዳቦ ይሆንሻል።

ዋናው ነገር ግን ቅቤው ነው። እዚያ ሰምኔውን፣ ንጥሩን ቅቤ፣ በጣሳ ትገዣለሽ፤ ሽታ የለው፣ ቅመም የለው። እዚህ ነጋዴዋ «ምርጥ ቅቤ» ብላ የምትሰጥሽ በሳሉን ነው። ለወጥ ይሁን፣ መዓሙል ውስጥ ከገባ ግን ተምሩን ይገድለዋል። ሐሙስ ገበያ ስትወጪ ለጋውን ጠይቂ፣ ከጥፍርሽ ጫፍ ቀምሰሽ ግዢ። ኮረሪማም ኮሰረትም ሳታስገቢ በቀስታ አንጥሪው። መጀመሪያ ላይ ይንጣጣል፣ አረፋውን እየገፈፍሽ ጠብቂ፤ ድምፁ ጸጥ ሲል ውሃው አልቋል ማለት ነው። ያኔ ካላወረድሽው ሥሩ ይጠቁርና የተቃጠለ ይሸታል። አጥልለሽ አቀዝቅዥው።

ለ500 ግራም ሰሞሊና 250 ግራም ንጥር ቅቤ እጨምራለሁ፣ ስኳር ትንሽ፤ ጣፋጩ ከውስጥ አለ። በመዳፍ ማሸት፣ ማሸት፣ እያንዳንዱ ቅንጣት ቅቤ እስኪጠጣ። ከዚያ ሸፍነሽ አሳድሪው። ማደሩን የሚዘሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ያላደረ ሰሞሊና ጥርስ ላይ አሸዋ ነው። ጠዋት በመዓ ዘህር (በብርቱካን አበባ ውሃ) ወይም በማይ ወርድ (በጽጌረዳ ውሃ)፣ ከሌለም በለብታ ወተት፣ ጥቂት በጥቂት ሰብሰብ አድርጊው። እንደ ዳቦ ሊጥ አታሺው፤ ከተሳበ አበቃ፣ ፍርክስ የሚለው ነገሩ ይጠፋል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ቤሩት ባሕር ዳር ናት፤ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ታልፋለች። እዚያ የለመድሽው የቤኪንግ ፓውደር ልክ እዚህ ይበዛል፤ ሊጡ ያብጥና ያተምሽበት ጌጥ ይጠፋል። ቀንሺው። ኦቨን ከሆነ 200 ዲግሪ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው።

ሊጡ ስለሚታተምበት የእንጨት ቅርጽ ማውጫ፣ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ብቻ ያዢ፤ ጠፍጣፋውን ክብ ለተምር፣ ጉብ ያለውን ለዎልነት፣ ሞላላውን ለፒስታቺዮ። ሳይቆረስ ውስጡ ምን እንዳለ የሚለየው በዚያ ነውና። የቀረውን የጅማ ጠራቢ እያየ ይሠራልሻል። ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚያወጣ ሰው ይህቺ አታቅተውም! ብቻ የውስጥ ጌጡን ጠለቅ አድርጎ እንዲፈለፍለው ንገሪው፤ ስስ ከሆነ ሲጋገር ይደበዝዛል።

ተምር ከዚያ አትሸከሚ። ረመዳን ሲቃረብ ገበያው ይሞላል፤ ያኔ አከማቺ። የደረቀውን በእንፋሎት አለስልሰሽ፣ ፍሬውን አውጥተሽ፣ በትንሽ ቅቤና ቀረፋ ታሺዋለሽ። ተምሩ ሲወደድ ዘይቱና እሠራለሁ፤ ክረምት ላይ መሬት ወድቆ የሚበሰብሰውን ታስታውሺዋለሽ። ቀቅለሽ፣ ዘሩን በወንፊት ለይተሽ፣ በስኳር ከድስቱ እስኪላቀቅ አማስዪው። በራሱ ይረጋል። ማንጎ ግን አልመክርም፤ ውሃ ያዘለ ነው፣ ሊጡን ያርሰዋል።

ስለ ገዢ ደግሞ፣ ሱቅ አትከራዪ። ማዳም ቤት በሳህን ቁልል የሚቀርበው፣ እዚህ ሰው በፍሬ ነው የሚገዛው፣ እሱንም «ውድ ነው» እያለ። በትዕዛዝ ሥሪ፤ ሁለቱ ዒድ፣ ኒካሕ፣ ሠርግ፣ ምርቃት። ቡና የምታፈላ ጎረቤት ጋር ትንሽ አስቀምጪና ሰው ይልመደው። ከቡና ጋር ሲሆን ማንም አይተወውም፤ ቡናውማ የኛው ነው።

ከሲያትል፦

እኔ ጅማ ነው ያደግኩት፤ ክርስቲያን ደንበኞችሽስ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴስ ምን ታደርጊላቸዋለሽ? እህቴ ሁልጊዜ የጾም አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች።

ከጅማ፦

በዘይት እሠራለሁ፣ ሊጡን በውሃ አርሼ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የቅቤውን አያህልም፤ እጅ ላይ ይፈረካከሳል። ስለዚህ ትንንሽ አድርጌ ነው የማወጣው፣ በአንድ ጉርሻ እንዲያልቅ። ሣጥኑም ዕቃውም ለብቻው ነው፤ ይህን ሰው ያያል፣ ይጠይቃልም።

ከዱባይ፦

እኔ ወንድ ብሆንም ዳቦ ቤት ነው የምሠራው፣ ልግባ። እህቴ፣ ማህለብ፣ ያን ከዱር ቼሪ ዘር ውስጥ የሚወጣውን ቅመም፣ ካልያዝሽ ያ የለመድሽው ሽታ አይመጣም። በኮረሪማ እንተካለን የሚሉ አሉ፤ ይጣፍጣል፣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከቤሩት፦

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ኦቨኑ ቀርቷል። ማህለቡን ግን ከሱቁ አስፈጭቼ ልያዝ ወይስ እንዳለ?

ከዱባይ፦

እንዳለ፣ በፍሬው። ከተፈጨ ቶሎ ሽታው ይሄዳል፣ ይመርራልም። የሚከደን ብርጭቆ ውስጥ አድርጊው፤ ስትጋግሪ የሚበቃሽን ብቻ ከትንሽ ስኳር ጋር ሙቀጫ ላይ ውቀጪ።

ከጅማ፦

ለኔም ግማሽ ኪሎ ጨምሪልኝ፤ ሒሳቡን ስትገቢ።