የሙድል ካላንደር ፕለጊን ላይ ጳጉሜን አስቸገረችኝ

ሰላም ወገን፣ ሙድል (የኦንላይን ትምህርት መስጫው ሶፍትዌር) ላይ ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍል፣ የሠራ ሰው ካለ እባካችሁ አንድ በሉኝ። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ የካላንደር ፕለጊን እየሠራሁ ነው፤ ሲያልቅ እንደ ሙድል ራሱ በጂፒኤል (የነፃ ሶፍትዌር) ፈቃድ ለሁሉም ክፍት አደርገዋለሁ። ሙድል ከስሪት 2.6 ጀምሮ ሌላ ካላንደር መጨመር ስለሚፈቅድ ዋናውን ኮድ አልነካካሁም። ቀን ከፈረንጆቹ ወደኛ፣ ከኛም ወደነሱ መቀየሩ ይሠራል፤ 2015 ላይ ጳጉሜን 6 ቀን መሆኗንም አይስትም።

የተጣበቅኩት ቀን መምረጫው ላይ ነው። የቀኖቹን ዝርዝር የሚመልሰው ፈንክሽን የትኛው ወር እንደተመረጠ አይነገረውም፣ ስለዚህ ለሁሉም ወር ከ1 እስከ 30 ይደረድራል። መምህሩ የአሳይመንት ማስረከቢያውን ጳጉሜን 20 ቀን 2017 ቢል ዝም ብሎ ተቀብሎ መስከረም 15 ቀን 2018 ያደርገዋል! በፈረንጆቹ አጭሩ ወር ከ31 የሚጎድለው ቢበዛ 3 ቀን ነው፣ የኛዋ ግን ከ30 ቢበዛ 25 ቀን ትጎድላለች።

ወሩ ሲቀየር ቀኖቹን የሚቀንስ ጃቫስክሪፕት ልጨምር አስቤያለሁ፤ ግን የካላንደር ፕለጊን ኮዱን ፎርሙ ላይ በየት በኩል ነው የሚያስገባው? ወይስ ፕለጊኑ ቀኑን ሲቀይር ከልክ ያለፈውን ወደ ጳጉሜን መጨረሻ ልመልሰው? ይሄ ይቀላል፣ ግን መምህሩ ሳያውቅ ቀኑን መቀየር ደስ አይለኝም። የሂጅሪውን ወይም የፋርሱን ካላንደር ፕለጊን ኮድ ያየ ሰው ካለ እንዴት እንደተወጡት ይንገረኝ።