ደንገጎ ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ ፈነዳብኝ። ፍሬን መያዝ ነበረብኝ?

የሳቢያኑ፦
ሰላም ለቤቱ። እሁድ ከሐረር ወደ ድሬ እየወረድኩ ነበር። ኮሮላ ናት፣ ማንዋል። እናቴና እህቴ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከሐረማያ የገዛነው ሁለት ጆንያ ድንችም ተጭኗል። ደንገጎን አልፈን መታጠፊያዎቹን ጥቂት እንደወረድን ድው አለ። እኔ ድንጋይ የተወረወረብን ነው የመሰለኝ። 60 ላይ ነበርኩ፣ በአራተኛ ማርሽ።

የመኪናዋ ቂጥ ሲወዛወዝ ደንግጬ ፍሬኑን ረገጥኩት። ይባስ ዞረች። ስትቆም አፍንጫዋ ተቃራኒው መስመር ውስጥ ነው። አንድ የጫት መኪና ጡሩምባውን እያስጮኸ ታኮን አለፈ። እናቴ እዚያው ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተሳለች።

ሰው ሁሉ «ጎማ ሲፈነዳ ፍሬን አትንካ» ይለኛል። እሺ፣ ሜዳ ላይ ይሁን። ቁልቁለት ላይ ካልያዝኩት ምን ሊያቆማት ነው?

በነገራችን ላይ ጠዋት ከድሬ ስነሳ ለሙቀቱ ብዬ የጎማዎቹን ነፋስ አስቀንሼ ነበር። 24 ፒኤስአይ አድርጌዋለሁ። ከሱ ጋር እንኳን አይገናኝም መቼስ።

የከዚራ ልጅ፦
አቦ እንኳን ተረፋችሁ! እኔ ብሆን ዜሮ ማርሽ አስገብቼ የእጅ ፍሬን ስብ ነበር የማደርገው።

የጅጅጋ መስመር፦
የከዚራው፣ ይሄን ምክር ለማንም እንዳትሰጥ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማ ነው። የፈነዳውም የኋላ ነው። ተሽከርክራ ገደል ትገባለህ። ዜሮ ማርሽ ደግሞ ሞተሩ የሚይዝልህን ያህል ያሳጣሃል።

የሳቢያኑ፣ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ግን ጥፋቱ ከድውታው በፊት ነው የጀመረው። በደንገጎ በአራተኛ ማርሽ ምን ትሠራለህ? እኔ ያንን መንገድ በአይሱዙ ከ20 ዓመት በላይ ወርጄዋለሁ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ታስገባለህ። ያኔ ቢፈነዳም ሞተሩ ይዞሃል።

ሲፈነዳ መጀመሪያ መሪ ነው። በሁለት እጅ ጥብቅ አድርገህ ወደ መስመርህ ያዘው። የፊት ከሆነ መሪው ወደ ፈነዳው በኩል ይጎትትሃል፣ የኋላ ከሆነ እንዳየኸው ወንበርህ ሥር ትወዛወዛለች። ሜዳ ላይ ብትሆን ነዳጁን ትንሽ ይዘህ መኪናዋ እስክትቀና ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ትለቃለህ። ቁልቁለት ላይ ግን መንገዱ ራሱ ስለሚገፋህ ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ማርሽ አትቀይር፣ ፍሪሲዮን አትርገጥ። ስትቀና ብቻ ፍሬኑን ነካ፣ ነካ። ስለዚህ «አትንካ» ማለት ጭራሽ አትያዝ ማለት አይደለም። በድንጋጤ አትርገጥ ነው።

መታጠፊያ ላይም ጎማ ለመቀየር አትቁም። ቸርኬው ቢበላሽ ይበላሽ፣ ሰፋ ያለ ሜዳ እስክታገኝ በዝግታ ውረድ። ሰዎቹን አውርደህ ከመንገዱ አርቅ። ክሪክ ከማስገባትህ በፊት ለቀሩት ጎማዎች ድንጋይ አስደግፍ። ስትጨርስ ደግሞ ድንጋዩን አንሳ! ስንቱ ሾፌር ጎማ ቀይሮ ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ማታ የሌላውን ጎማ የሚያፈነዳው እሱ ነው።

ጎሚስታው፦
ከሱ ጋር አይገናኝም ያልከው ነፋስ ነው ያፈነዳው። እዚህ ድሬ በየቀኑ ሰው «ሙቀት ነው፣ ቀንስልኝ» ይለኛል። እምቢ ብል ሌላ ጋ ሄዶ ያስቀንሳል። ነፋስ ሲያንስ የጎማው ጎን ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይግላል፣ ሲግል ውስጡ ይላላል። ጭነት ሲጨመርበት በቃ። የአሽከርካሪው በር ጋ ያለው ወረቀት ስንት ይላል? እሱን ሙላ፣ ጠዋት መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ። ስትነዳ 4 ወይም 5 ቢጨምር ያለ ነው፣ እንዳታስተነፍሰው።

የጎማህን ዕድሜም እይ። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2316 ካለ በ2016 እንደ ፈረንጅ፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

የሳቢያኑ፦
የጅጅጋ መስመር ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ድንጋዩን ግን አላነሳሁትም፣ አልዋሽም። ነገ በዚያ የሚወጣ ጓደኛ አለኝ፣ እንዲያነሳልኝ እነግረዋለሁ።

ጎሚስታው፣ አንተም ልክ ነህ። በሩ ላይ 30 ይላል። ዛሬ ሰፈር ያለው ጎሚስታ የፈነዳውን ከቸርኬው አውጥቶ አሳየኝ። ውስጡ ጥቁር ዱቄት ሞልቶታል። በመዳፉ ዘገነና «ይሄ የራሱ የጎማው ገላ ነው፣ ሲታሽ ተፈጭቶ» አለኝ። ጎኑ ዙሪያውን በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ቁጥሩ 1114።

ቀኙንም አስከፈትኩት። ያው ዱቄት። ሁለት ጎማ ልገዛ ነው። ድንች የሚፈልግ አለ?